ሐረጎ ላይ የመረጥነው ዘፈን

ሬዲዮው የምንጊዜም ምርጥ ዘፈኖችን አድማጭ እንዲመርጥ ያወጀው እኔ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክር ፈታይ ሆኜ በገባሁ በዓመቱ ግድም ነው። ቤታችን ደሴ፣ ሆጤ ነበር። ጠዋት ጠዋት የፋብሪካው ሰርቪስ ፒያሳ ላይ ይሰበስበንና የሐረጎን ቁልቁለት ጠምዘዝ ጠምዘዝ እያለ ይዞን ይወርዳል። ደሴ ላይ ስንሳፈር ጉም ውስጥ ነን፤ ሹራብና ነጠላ ደራርበን፣ እጃችንን ብብታችን ውስጥ ወሽቀን። ኮምቦልቻ ስንደርስ ሹራቡ ወልቆ ጉልበት ላይ ይቀመጣል። መንገዱ ያን ያህል ረጅም አይደለም። ግን አውቶቡሱ አሮጌ፣ ሾፌሩም ጠንቃቃ ስለነበሩ ለወሬ የሚበቃ ጊዜ ነበረን።

አባባ ፒያሳ ላይ ብትን ጨርቅ ይሸጡ ነበር። አያቴ ከየመን መጥተው ደሴ የቀሩ ነጋዴ ናቸው፤ ሱቁንም የከፈቱት እሳቸው ናቸው። እኔ ነፍስ ሳውቅ ግን ንግዱ ተዳክሞ መደርደሪያው በግማሽ ባዶ ሆኗል። ማትሪክ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀርቶ ፋብሪካ ልግባ ብዬ ስጠይቃቸው አባባ፣ መኪናው ከደሴ ወስዶ ደሴ የሚመልስሽ ከሆነ ይሁን አሉኝ። በማግስቱም ሄደው ሾፌሩን ተዋወቁ። ሁለቱ በዕድሜ ይቀራረባሉ፤ ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው ሰላምታ ሳይለዋወጡ አይተላለፉም።

ሾፌሩን ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ከመሪው አጠገብ የምትንጠለጠል ሬዲዮ ነበረቻቸው። ሐረጎ ላይ ከአንዱ ጥምዝ ስንደርስ ትጠፋና ከሚቀጥለው ትመለሳለች። ዜና ሲቆራረጥ ማንም ቅር አይለውም። ዘፈን ሲቆራረጥ ግን እስከ ኋላ ወንበር ድረስ ይታዘናል።

ማስታወቂያውን የሰማነው በዚያችው ሬዲዮ ነው። አድማጮች ከዘፈን ሁሉ አንድ የሚወዱትን፣ የወደዱበትን ምክንያት በአጭሩ ጽፈው ይላኩ፤ ብዙ ድምፅ ያገኙት በእሁድ ከሰዓት ፕሮግራም ከታች ወደ ላይ በየደረጃቸው ይሰማሉ ይላል። ከዚያች ጠዋት ጀምሮ አውቶቡሱ ገበያ ሆነ። የጥገና ክፍሉ ሽማግሌ ክራር የሌለበትን ዘፈን ዘፈን አልለውም አሉ። ከኋላ የሚቀመጡት ጎረምሶች ኦርጋን የገባበትን አዲስ ዘፈን ይዘው ድርቅ አሉ። ሽመና ክፍል ያሉ ሁለት እህትማማቾች በዚሁ ተኳርፈው ለየብቻ ወንበር ይዘው ሰነበቱ። ኮምቦልቻ ደርሰን ስንወርድም ጭቅጭቁ አይቆምም፤ ማሽኑ ጆሮ ስለሚደፍን በእጅና በቅንድብ እየተጠቃቀስን እንቀጥላለን።

ክርክሩ ሁሉ ዞሮ ዞሮ መጥቶ የሚያርፍባት አንዲት ዘፈን ግን ነበረች። አሮጌ ናት፤ ከልጅነቴ ጀምሮ በየሱቁ ስትዘፈን ሰምቻታለሁ። በባቲ ቅኝት የምትዘፈን፣ አንድ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ የሄደበትን ወዳጁን ከአላፊ አግዳሚው ሁሉ የሚጠይቅባት፣ የሄደው ይመለሳል የምትል ዘፈን ናት። ከዚያ አውቶቡስ ውስጥ የሄደ ሰው የሌለው አልነበረም። የአንዷ ወንድም ዘማች ነው፣ የሌላዋ ባል አሰብ ወርዶ ቀርቷል፣ የሌላው ዘመዶች በድርቁ ጊዜ በሰፈራ ተጭነው ሄደዋል። ሽማግሌው ራሳቸው፣ ይህቺ ከሆነችስ እሺ፣ ክራሩን እተወዋለሁ አሉ።

አንድ ላይ እንምረጥ ያለችው አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ናት። ተበታትነን ብንልክ አንዳችንም አንሰማም፣ ሁላችንም ለዚህቺ ድምፅ ብንሰጥ ግን ቢያንስ ቢያንስ ትጠራለች አለች። ሁሉም ተስማማ። ችግሩ መጻፉ ነበር። ብዙዎቹ የመሠረተ ትምህርት ሰርተፊኬት አላቸው፤ ስማቸውን ይፈርማሉ፣ የማሽኑን ቁጥር ያነባሉ። ሐሳባቸውን ወረቀት ላይ አስፍሩ ሲባሉ ግን ብዕሩ ይከብዳቸዋል። አሥራ ሁለተኛ የጨረስኩት እኔ ስለሆንኩ ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። በምሳ ሰዓት ከግቢው ዛፍ ሥር እንቀመጣለን፤ ፀጉራችን ላይ ያረፈውን ብናኝ ጥጥ እያራገፍን እነሱ ይነግሩኛል፣ እኔ እጽፋለሁ።

ከሁሉም የማልረሳው ከገርባ መጥታ ደሴ የተቀመጠችውን ሴት ነው። ጥጥ ማበጠሪያው ላይ ነበር የምትሠራው፤ ከእናቴ ብዙም አታንስም፣ እትዬ ነበር የምላት። ቀልድ አዋቂ ናት፤ ፎርማኑን ሳይቀር አስመስላ ታስቀናለች። ተራዋ ሲደርስ ግን ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን አጣጥፋ ተቀመጠችና ወረቀቱን ተመለከተች።

"ምክንያቱንም ነው የምትጽፊው?" አለችኝ።

"አዎ እትዬ፣ አጠር አድርገሽ ንገሪኝ።"

"በድርቁ ጊዜ መጠለያ ውስጥ ነበርን። ልጄ መብላቱንም መናገሩንም ትታ ዓይኗን ከድና ተኝታለች። እህል የጫነ መኪና መጣ፤ ሾፌሩ ይህቺን ዘፈን ከፍቷት ነበር። ልጄ ዓይኗን ገለጠችና ፊቷን ወደ መኪናው አዞረች። ከዚያ ውኃ ስጪኝ አለችኝ። ይኸው ነው፣ ጻፊው።"

እንዳለችኝ ጻፍኩት፤ አንድ ቃል አልጨመርኩም። ያቺ ልጅ ድናለች። ያን ጊዜ ደሴ ትምህርት ቤት ገብታ ነበር፤ እናቷ የምሳ ዕቃዋን ረስታ ስትወጣ እየሮጠች መጥታ ስታቀብላት አይቻታለሁ።

ወረቀቶቹ ሲያልቁ ጓደኛዬ በክር ጠቅልላ አሰረቻቸው፤ ክር መቼም አይቸግረንም። ጋሼ በፖስታ ቤት በኩል አይደል የማልፈው፣ እኔ አስገባዋለሁ ብለው ተቀበሉንና ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። በዚያው ማታ ወደ ደሴ ስንወጣ መጋዘን የሚሠራው ሰውዬ ከመካከለኛው ወንበር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገር ጀመረ። ዘፋኙ ለሥራ ብሎ ወጥቶ ውጭ አገር መቅረቱን አልሰማችሁም ወይ አለ። የሄደው ይመለሳል የሚል ዘፈን ደግሞ በዚህ ጊዜ ትርጉሙ ብዙ ነው፤ ማን ነው የሚመለሰው ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም አለ። በክፋት የተናገረው አልመሰለኝም። እሱም እንደኛው ፈርቶ ነው። 

በማግስቱ ጠዋት ሰርቪሱ ፒያሳ ሲቆም መሪውን የያዘው ሌላ ሰው ነበር።

ጋሼስ ብለን ብንጠይቀው አላውቅም፣ እኔን ንዳ ብለውኝ ነው አለ። ሬዲዮዋም ከቦታዋ የለችም። የጋሼ ጎረቤት የሆነች ልጅ አብራን ትሠራ ነበርና እሷ ስትሳፈር ሁሉንም ነገረችን። ጎህ ሲቀድ አንድ ላንድሮቨር በራቸው ላይ ቆመ፤ ሁለት ሰዎች ወርደው በር ላይ አነጋገሯቸው፤ ጋሼ ኮታቸውን ደርበው አብረዋቸው ገቡና ሄዱ። ሚስታቸው የት እንደወሰዷቸው አታውቅም፤ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች።

ጓደኛዬ እጄን ያዘችኝ።

"ብዙ ሰው ተሰብስቦ አንድ ነገር ሲፈርም ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ?" አለችኝ በጆሮዬ። "አድማ ነው የሚባለው።"

እኔ ያሰብኩት ሌላ ነው። ወረቀቶቹ ላይ ያለው ስም የየባለቤቱ ነው፤ የእጅ ጽሕፈቱ ግን የእኔ ብቻ። ያን ቀን ክሩ በተበጠሰ ቁጥር ጣቴ አልታዘዝ እያለኝ ሳልቀጥለው እቆያለሁ። የበር ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ቀና እላለሁ። ይህ ፍርሃት ከሜዳ የመጣ አልነበረም። ልጅ ሆኜ ከሰፈራችን ለጥያቄ ትፈለጋለህ ተብለው ወጥተው በዚያው የቀሩ ወጣቶች ነበሩ፤ እናቶቻቸው ድምፅ አውጥተው እንዳያለቅሱ ሲከለከሉ አይቻለሁ።

ቤት ስደርስ እናቴ ልብስ ስታሰጣ አገኘኋት። ፊቴን ብቻ አይታ ምን ሆነሻል አለችኝ፤ ነገርኳት። እሷም ለአባባ ነገረች። አባባ የመግሪብን ሶላት ሰግደው እስኪጨርሱ ጠብቄ ፊታቸው ቁጭ አልኩ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም። ሸቀጥ እንደሚመረምር ሰው ቀስ እያሉ ጠየቁኝ።

"ስለ መንግሥት የጻፍሽው አለ?"

"የለም አባባ።"

"ስለ ጦርነቱስ?"

"አንዷ ወንድሜ ዘማች ነው ብላለች፤ ይኸው ብቻ ነው።"

"ስለ ድርቁ?"

መልስ ከመስጠቴ በፊት ገባቸው። ጢማቸውን ወደ ታች ዳበሱ። ከዚያ የገርባዋ ሴት ያለችውን አንድ በአንድ እንድነግራቸው ጠየቁኝና ነገርኳቸው። ሲሰሙ ቆይተው፣ ይህ የአላህን ቸርነት መናገር ነው፣ ክፉ ነገር የለበትም አሉ። ግን እኛ እንዳነበብነው የሚያነብ ሁሉ አይደለም አሉና ሐሳባቸውን አወጡ። ዝም ብለሽ ከሥራ አትቀሪ፤ መቅረት ጥፋተኛ ያስመስላል። ነገ ገብተሽ ፈቃድ ጠይቂ፤ አክስቴ ታማለች በይና ደጋን እሷ ዘንድ ሂጂ አሉኝ።

"አክስቴ ታማለች እንዴ?" አልኳቸው።

"ጉልበቷን ሁልጊዜ ያማት የለ? ውሸት አይሆንም።"

እናቴ ከዚያ ሁሉ ጭንቅ መሃል ሳቅ አመለጣት።

ፎርማኑ ፈቃዱን ሳያንገራግር ሰጠኝ። ደጋን ከኮምቦልቻ አለፍ ብላ መንገድ ዳር ያለች ከተማ ናት፤ አክስቴና ባሏ ከከተማዋ ወጣ ብለው ነው የሚያርሱት። ማሽላው ደርሶ ራሱን ደፍቶ ነበር። እንግዳ ሆኜ መቀመጥ ስላላስቻለኝ ማማ ላይ ወጥቼ ወፍ እጠብቃለሁ አልኩ። ወንጭፍ አልችልበትም፤ ስለዚህ ቆርቆሮ እደበድባለሁ፣ እጮኻለሁ። ከማማው ላይ ሆኜ የአስፋልቱ ጥግ ይታየኛል። መኪና ፍጥነት ሲቀንስ ባየሁ ቁጥር ጩኸቴን አቆምና እስኪያልፍ እጠብቃለሁ። ወፎቹ ያን ጊዜ ነው ማሽላውን የሚወርዱበት።

አክስቴ ምንም አልጠየቀችኝም። ጉልበቷን ዘይት እያሸሁላት ሳለ ግን በራሷ ጊዜ፣ "የታመምኩት እኔ ነኝ፤ የከሳሽው ግን አንቺ" አለችኝ። ያኔ ሁሉን ዘረገፍኩላት። ጋሼ ይኑሩ ይሙቱ እንደማላውቅ፣ ለዚያ ሁሉ ሰው መዘዝ የሚሆነውን ወረቀት የጻፍኩት እኔ መሆኔን። እስክጨርስ ሰማችኝና ትከሻዬን ነካ ነካ አደረገችኝ።

"አብሽሪ" አለች። "ዘፈን መውደድ የሚያሳስር ከሆነ ወሎን በሙሉ የሚይዝ እስር ቤት ከየት ያመጣሉ? አላህ ያመላክተናል፤ አብሽሪ።"

ወላሂ፣ ያቺ ቃል ብዙ ነገር አቀለለችልኝ። ግን ሐሳቡ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም።

እሁድ ደረሰ። ውጤቱ የሚሰማበት ቀን እንደሆነ አውቃለሁ፤ አክስቴም ታውቃለች። ከዝሁር በኋላ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ከተማ እንውጣ አለችኝ። መንገድ ዳር ያለች አንዲት ሻይና ሸቀጥ የምትሸጥ ሱቅ ሬዲዮ ነበራት። ባለሱቁ ባትሪ ድንጋዮቹን ጠዋት ፀሐይ ላይ አስጥቶ አሙቋቸዋል፤ እንዲያ ሲደረግ ትንሽ ነፍስ ይዘራሉ። ደጁ ላይ ግመል ነጂዎች፣ ጫት የሚያስጭኑ ነጋዴዎች፣ መኪና የሚጠብቁ መንገደኞች ተቀምጠዋል። ሴቶች እኔና አክስቴ ብቻ ነበርን። ባለሱቁ አክስቴን ስለሚያከብራት አሰላሙ አለይኩም ብሎ ከውስጥ በርጩማ አወጣልን።

ዘፈኖቹ ከታች ጀምሮ ይጠሩ ጀመር። አንዱ በተጠራ ቁጥር ደጁ ላይ ያለው ሰው ይወያያል፤ ይህቺማ ከዚህ በላይ ይገባት ነበር፣ ይህቺንስ ማን መረጣት ይላል። የእኛዋ ቶሎ እንድትጠራ ልመኝ፣ አትጠራ ልበል፣ እኔው አላውቀውም። ካልተጠራች የታገደች ናት ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ከተጠራችም ስለ ዘፋኙ ምን ሊሉ ነው? ብርጭቆዬ ውስጥ ያለው ሻይ ሳልነካው በረደ። ባትሪው ደከመና ድምፁ እየሰለለ ሄደ፤ ባለሱቁ ሬዲዮውን ጆሮው ላይ ለጥፎ የሰማውን ይነግረን ጀመር። ኋላ ከግመል ነጂዎቹ አንዱ ከእጅ ባትሪው ድንጋይ አውጥቶ ሰጠውና ድምፁ ተመለሰ።

ልክ ድምፁ ሲመለስ ሁለተኛ የወጣው ዘፈን እየተባለ ነበር። የእኛዋ ናት። የዘፋኙም ስም በደንብ ተጠራ፤ እንደማንም ሰው፣ ያለ ምንም ማመንታት። ይህ ሳያንስ ዘፋኙ ራሱ እዚህ ስቱዲዮ አብሮን ይገኛል አለ አስተዋዋቂው። ዘፋኙም ቀረብ ብሎ የመረጡትን ሁሉ አመሰገነ፤ ጉንፋን የያዘው ይመስል ድምፁ ጎርነን ብሎ ነበር። ውጭ አገር የቀረ የተባለው ሰው ነው ይህ። ከዚያ ዘፈኗ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ሐረጎ ላይ እንደለመድነው ሳይሆን፣ ሳትቆራረጥ ተሰማች።

እንባዬ መጣ፤ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አደረግኩ። አክስቴ ወደ እኔ ሳትዞር፣ እጇን ጀርባዬ ላይ እንዳሳረፈች ዘፈኗን እስከ መጨረሻ ሰማች። አንደኛ የወጣችው የትኛዋ እንደነበረች እስከ ዛሬ አላስታውስም።

የዘፈኑ ነገር ቀለለኝ፤ የጋሼ ግን እንዳለ ነበር። ዘፈኗ ጥፋት ከሌለባት ለምን ወሰዷቸው? ይህን እያሰብኩ ማማ ላይ ሁለት ቀን ዋልኩ። ማክሰኞ ቀትር ላይ አንድ እህል ጫኝ መኪና ከአስፋልቱ ጥግ ቆመ፤ ከጋቢናው አንድ ሰው ወርዶ በማሽላው መሃል ወደ እኛ መጣ። ኮፍያቸውንና አረማመዳቸውን ከሩቅ ለየሁ። አባባ ናቸው። ሱቃቸውን ዘግተው ከደሴ ሲወጡ አይቼ አላውቅም፤ ራሳቸው ከመጡ ክፉ ነገር ቢኖር ነው ብዬ ከማማው መውረድ አቃተኝ። እሳቸውም ያሰብኩትን አውቀውታል መሰለኝ ገና ከሩቅ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ተጣሩ።

"ኸይር ነው ልጄ፤ ኸይር ነው። ሰውየው ተመልሰዋል።"

እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ስደርስባቸው ሁለቱንም እጆቼን ያዙኝ፤ ልጅ እያለሁም እንዲያ አድርገው አያውቁም። ጋሼ ትናንት ማታ ሰላም ቤታቸው ገብተዋል አሉ። አባባ በየቀኑ ሱቁን ሲዘጉ ወደ ጋሼ ቤት ጎራ እያሉ ሚስትየዋን ሲጠይቁ ነበር የሰነበቱት፤ ማታም ጎራ ሲሉ በር ላይ እግራቸውን ሲታጠቡ አገኟቸው። ገበሬውን ባንድ መንደር ለሚሰበስበው የመንደር ምሥረታ ሥራ ቆርቆሮና እንጨት ወደ ቆላ የሚያመላልስ አንድ ትልቅ መኪና ነበር፤ ሾፌሩን ወባ ጣለውና በአስቸኳይ ከባድ መኪና የሚነዳ ሰው ተፈለገ። ያ ላንድሮቨር የመጣው ለዚህ ነው። ልብስ እንኳ ልያዝ ቢሉ ለዛሬ ብቻ ነው ብለው ወሰዷቸው፤ ዛሬው ተጎትቶ ሳምንት አለፈ። ከዚያ ከቆላው መልእክት የሚልኩበት ስልክ የለም፣ ሰውም የለም።

አባባ ይህን ጨርሰው አልሃምዱሊላህ አሉ። ጎጆ ገብተው አክስቴ ያቀረበችውን በሉ፤ ጨመረችላቸው፣ ያንንም በሉ። አክስቴ ደሴ ምግብ ጠፋ እንዴ ስትላቸው፣ እህል ባፌ ሳይዞር ነው የከረምኩት ብለው መለሱላት። አክስቴ ቀና ብላ አየቻቸው፤ አንድም ቀን ስለ ሆዳቸው ሲናገሩ ሰምታ አታውቅም ነበር። በእኔ ፊት ሸቀጥ እንደሚመረምር ሰው የተረጋጉት አባቴ ለካ እንደዚያ ሲጨነቁ ሰንብተዋል። በዚያው ቀን ተያይዘን ወደ ደሴ ወጣን።

በማግስቱ ፒያሳ ላይ ሰርቪሱ ሲመጣ ሬዲዮዋ ከጋሼ ቤት ተመልሳ ቦታዋ ላይ ነበረች። ጋሼን ፀሐይ አክስሏቸዋል፤ ከንፈራቸውም ተሰነጣጥቋል። የሚሳፈረው ሁሉ መጀመሪያ የእሳቸውን ትከሻ ሳይስም አይቀመጥም፤ ያን ዕለት አርፍደን ነው ፋብሪካ የገባነው። የገርባዋ ሴት ተራዋ ሲደርስ እልል ልትል ጀምራ በመዳፏ አፏን ያዘች።

ሐረጎን ስንጀምር ጋሼ መኪናውን ጥግ አስያዙና ወደ እኛ ዞሩ። እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተው በክር የታሰረውን ጥቅል አወጡ። ያን ጠዋት ፖስታ ቤት ሳልደርስ ነው የወሰዱኝ፤ ኮቴ ውስጥ ሆኖ አብሮኝ ቆላ ወርዶ አብሮኝ ተመለሰ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አላደረስኩትም አሉ።

ያ ሁሉ ቀን የተንቀጠቀጥንለት ወረቀት ከጋሼ ኪስ አልወጣም ነበር። መጀመሪያ የሳቀችው ጓደኛዬ ናት፤ ከዚያ ሳቁ እንደ እሳት ወደ ኋላ ወንበር ተያያዘ። መጋዘን የሚሠራው ሰውዬ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ሳወራ ብትሰሙኝ አፌን መርፌ ይዛችሁ ስፉልኝ አለ። የጥገና ክፍሉ ሽማግሌ ግን አልሳቁም።

"እኛ ሳንልክ ሁለተኛ ወጣች" አሉ። "ብንልክማ አንደኛ ነበረች።"

በዚህ ላይ አዲስ ክርክር ተነሣና ጋሼ እየሳቁ ሞተሩን አስነሡ። እኔ ጥቅሉን ተቀብዬ ማቃጠል ነበር ያሰብኩት፤ ፍርሃቱ ገና ከጣቴ አልወጣም። የገርባዋ ሴት ግን እጇን ዘረጋችልኝ።

"የእኔን ስጪኝ" አለች። "ልጄ ማንበብ ችላለች፤ ታንብበው።"

ሰጠኋት፤ አጣጥፋ ብብቷ ሥር ከተተችው። ይህን ያዩት ሌሎቹም የየራሳቸውን ጠየቁኝ። ኮምቦልቻ እስክንደርስ እጄ ላይ የቀረው የእኔው ብቻ ነበር፤ እሱን በምሳ ሰዓት ቀዳደድኩት።

ያን ቀን ክሩ ሲበጠስ ወዲያው እቀጥለው ነበር። የበሩን ድምፅም አልሰማሁትም። ማታ ስንመለስ ኮምቦልቻን ከመውጣታችን በፊት ጭንቅላቴን መስኮቱ ላይ አስደግፌ እንቅልፍ ወሰደኝ። ለብዙ ቀናት በቅጡ አልተኛሁም ነበርና ሐረጎን፣ ጉሙን፣ የሰውን መውረድ ምንም አላወቅኩም። ጓደኛዬ ልትቀሰቅሰኝ ስትል ጋሼ ተያት ብለዋት ኖሯል። ስነቃ አውቶቡሱ ባዶ ነው፤ የቆመውም ፒያሳ ሳይሆን ሆጤ፣ እቤታችን በር ላይ ነው። እናቴ ከውስጥ ወጥታ ምን መጣ ብላ ታያለች። ጋሼ ሞተሩን አጥፍተው፣ በመስኮት ወጣ ብለው ከአባባ ጋር እየተሳሳቁ ያወራሉ። ቸኩዬ ሹራቤን ስፈልግ ጋሼ በመስታወቱ አዩኝና፣ ቀስ በይ፣ አንቸኩልም፣ ሻይ ልጠጣ ልገባ ነው አሉኝ።